የኩላሊት እብጠትና ሲቲ ስካን፦ ቀለሙን ጠጣ ወይስ አልጠጣም?

(ይህ ለታካሚዎች፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለጤና ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች የተወሰኑትን ጨምሬያለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ።

ሰው ሆዱን ያመዋል። ወይ ሐሞት ጠጠር ይጠረጠራል። ወይ መኪና ይገጨውና ውስጡ ተጎድቶ እንደሆነ ለማየት ምርመራ ይታዘዝለታል። ሐሞቱ ደህና ነው። ጉበቱም ደህና ነው። ሪፖርቱ ግን ታች ላይ አንዲት መስመር ጨምሯል፦ «በቀኝ ኩላሊት ላይ 2.8 ሴንቲሜትር እብጠት ታይቷል።» ሰውየው የመጣበትን ሕመም ረስቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ሌሊቱን ስልኩ ላይ ሲያነብ ያድራል።

ዛሬ የኩላሊት ዕጢ በአብዛኛው የሚገኘው እንዲህ ሳይፈለግ ነው። የድሮ የሕክምና መጻሕፍት ሦስት ምልክቶችን ያስተምራሉ፦ የጎን ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት። ሦስቱ ተሟልተው የሚታዩት ግን ከ10 በመቶ ባነሱ ታካሚዎች ላይ ነው። ሲታዩም በሽታው ብዙውን ጊዜ ገፍቷል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የኩላሊት ካንሰር አሁን የሚገኘው ለሌላ ጉዳይ በተነሳ ምስል ነው። ይህ በአንድ በኩል መልካም ዜና ነው፤ በጊዜ ይገኛል። በሌላ በኩል ምንም የማያደርግ ነገር ይዘው የሚጨነቁ ብዙ ሰዎች አሉ ማለት ነው።

ያቺን መስመር ሲያነቡ ሁሉም መጀመሪያ የሚያዩት ቁጥሯን ነው። 2.8 ሴንቲሜትር። ትልቅ ነው? ትንሽ ነው? መጠን ዋጋ አለው፣ ኋላ እመጣበታለሁ። እኔ ግን ምስሉን ስከፍት መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መጠኑ አይደለም። 10 ሴንቲሜትር ሆኖ ዕድሜ ልክ ምንም የማያደርግ አለ። 2 ሴንቲሜትር ሆኖ በቅርብ መታየት ያለበትም አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ውስጡ ምንድን ነው የሚለው ነው። ውሃ ነው? ስብ ነው? ወይስ ደም የሚመላለስበት ሥጋ?

ከውሃው ልጀምር፣ ምክንያቱም አብዛኛው እሱ ነው። ሲስት እንለዋለን፤ ስስ ግድግዳ ያለው፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው። ዕድሜ ሲጨምር ይበዛል። 50 ዓመት ካለፋቸው ሰዎች ብዙዎቹ ኩላሊታቸው ላይ ቢያንስ አንድ ይገኛል። ተራ ሲስት ወደ ካንሰር አይለወጥም። ክትትል አይፈልግም። ሪፖርት ላይ «ሲምፕል ሲስት» የሚል ካነበባችሁ፣ ሐኪማችሁ ብዙም ሳይናገር ቢያልፈው ችላ ብሏችሁ አይደለም። በተግባር የሚባል ነገር ስለሌለው ነው።

አሁን ሲቲ ስካን ይህን እንዴት እንደሚለይ እንይ። ማሽኑ በሰውነት ዙሪያ እየዞረ ኤክስሬይ ይልካል። በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ ጨረሩ ምን ያህል እንደቀነሰ ኮምፒውተሩ ያሰላና ለነጥቧ ቁጥር ይሰጣታል። ቁጥሩ ሃውንስፊልድ ይባላል፤ በማሽኑ ፈጣሪ በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ስም። የመጀመሪያዋ ታካሚ በዚህ ማሽን የተነሱት በ1971 ለንደን ውስጥ ነው፤ የተነሳው ጭንቅላት ነበር። በ1979 ሃውንስፊልድ ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

በዚህ ሚዛን ውሃ 0 ነው። አየር 1000 ከዜሮ በታች ነው። ስብ ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 100 ባለው መካከል ይውላል። ቀለም ያልገባበት ኩላሊት 30 እና 40 አካባቢ ነው። የረጋ ደም ከዚያ ይበልጣል። አጥንት ብዙ መቶ ይደርሳል። እኛ እብጠቱ ላይ በማውስ ትንሽ ክብ እናስቀምጣለን፤ ማሽኑ የውስጡን አማካይ ቁጥር ያወጣል። በቃ። ዓይን ይሸወዳል፤ ጎረቤቱ ነጭ ከሆነ ግራጫው የጠቆረ ይመስላል። ስለዚህ መለካት ግዴታ ነው። «ሲስት ይመስላል» ብሎ ሳይለካ የሚጽፍ ሪፖርት እኔን አያሳምነኝም።

ያለ ቀለም በተነሳ ምስል ላይ ውስጡ ወጥ ሆኖ ከዜሮ በታች 9 እስከ 20 ከለካ፣ ሲስት ነው ብለን እንዘጋዋለን። ወጥ ሆኖ 70 እና ከዚያ በላይ ከለካም ብዙ አንጨነቅም። ይህ አሮጌ ደም ወይም ፕሮቲን የበዛበት ፈሳሽ የያዘ ሲስት ነው። የሚያስቸግረው መካከል ያለው ነው፤ ከ20 በላይ፣ ከ70 በታች። ወፈር ያለ ፈሳሽም ሊሆን ይችላል፣ ዕጢም ሊሆን ይችላል። ያለ ቀለም ሁለቱን መለየት አይቻልም። የኩላሊት ጠጠር ለመፈለግ የሚነሳው ሲቲ ያለ ቀለም ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ መሐል ይቀራል።

የዛሬው ንግግር እምብርት እዚህ ጋ ነው። ኮንትራስት የሚባለውን አዮዲን ያለበት መድኃኒት ብዙ ሰው ቀለም ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። በክንድ ደም ስር ይሰጣል። ሰውነት ሞቅ ይላል፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይመጣል፣ አንዳንዱ ሽንቱ ያመለጠው ይመስለዋል። አላመለጠም፤ ከደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ቀለሙ ከደም ጋር ይዞራል። ደም የሚደርስበት ሥጋ ሁሉ ይበራል። ደም የማይደርስበት ፈሳሽ እንደነበረ ይቀራል።

ስለዚህ እብጠቱን ሁለት ጊዜ እንለካለን፤ ቀለሙ ሳይገባና ከገባ በኋላ። ቁጥሩ በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ቀለሙን ጠጥቷል፤ ማለትም ሕይወት ያለው፣ ደም የሚመላለስበት ሥጋ ነው። ከ10 በታች ከሆነ አልጠጣም። ከ10 እስከ 20 ከሆነ አናውቅም፤ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። የኩላሊት እብጠት ምርመራ ትልቁ ክፍል ይህች ቅነሳ ናት። ሁለት ቁጥር፣ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ።

እንግዲህ ምርመራው በትክክል ካልተሠራ ምን እንደሚፈጠር አስቡት። ከቀለም በኋላ ብቻ የተነሳ ምስል ይደርሰኛል። እብጠቱ 55 ይለካል። ከ10 ተነስቶ ነው 55 የደረሰው? ከሆነ ዕጢ ነው። ወይስ ከመጀመሪያውም 52 የነበረ ወፍራም ፈሳሽ ነው? ከሆነ ምንም አይደለም። መነሻው ከሌለ መልስ የለም። ሰውየው ገንዘብ ከፍሏል፣ ጨረር ወስዷል፣ ቀለም ተወግቷል፤ ይዞት የሄደው ጥያቄ ግን አብሮት ይመለሳል። በዚህ ሙያ ውስጥ በጣም ከሚያናድዱኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ጥፋቱ የታካሚው አይደለም። ብዙውን ጊዜ የማዘዣው ወረቀት «የሆድ ሲቲ» ብቻ ይላል፤ ባለሙያውም የታዘዘውን ይሠራል። ወረቀቱ «የኩላሊት እብጠት ለመለየት» ብሎ ቢሆን ኖሮ አሠራሩ ይለወጥ ነበር። እዚህ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ነገ ማዘዣ ስትጽፉ ይህችን ሐረግ አትርሷት።

ሰዓቱም ለብቻው ጉዳይ ነው። ቀለሙ ከገባ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ አካባቢ የኩላሊቱ የውጭ ሽፋን በጣም ይበራል፤ ውስጡ ገና ጠቆር እንዳለ ነው። ምስሉ ያምራል። የደም ሥሮቹ ፍንትው ብለው ይታያሉ። ውስጠኛው ክፍል ላይ ያለ ትንሽ ዕጢ ግን በዚህ ሰዓት ከጥቁሩ ጋር ተመሳስሎ ሊያመልጥ ይችላል። ወደ 100 ሰከንድ ገደማ ሲደርስ ኩላሊቱ ሁሉ እኩል ይበራል። እብጠት ለመፈለግም ለመለካትም የሚመረጠው ይህ ሰዓት ነው። ከዚያ ደቂቃዎች ቆይቶ ቀለሙ ወደ ሽንት ይወጣል፤ የሽንት ቱቦው ውስጥ የበቀለ ነገር ካለ የሚታየው ያኔ ነው። ሁሉም ሰው ሁሉንም ዙር አይፈልግም። እብጠት ለመለየት ግን ያለ ቀለም አንድ ዙር፣ ከ100 ሰከንድ ገደማ በኋላ አንድ ዙር፣ ቢያንስ እነዚህ ሁለቱ የግድ ናቸው። ቀዶ ሕክምና ከታሰበ የመጀመሪያው የደም ሥር ዙር ይጨመራል።

አንድ ወጥመድም አለ። በጣም በሚበራ ኩላሊት መሐል የተቀበረ ትንሽ ሲስት ሳይጠጣ የጠጣ ሊመስል ይችላል። በዙሪያው ያለው ብርሃን ቁጥሩን ከፍ ያደርግበታል። 10 ወይም 15 ቢጨምር እውነት ላይሆን ይችላል። በተለይ ከ1.5 ሴንቲሜትር በታች የሆነ፣ መሐል ላይ ያለ እብጠት «በጥቂቱ ጠጥቷል» ከተባለ ቶሎ አትደንግጡ። ኤምአርአይ ወይም ደም ስር ውስጥ በሚሰጥ አረፋ የሚሠራ አልትራሳውንድ ያጠራዋል። በሁለት የተለያየ ጉልበት ጨረር የሚያነሱት አዳዲስ ሲቲ ማሽኖች ደግሞ አዮዲኑን ለይተው ስለሚያሳዩ መነሻው ባይኖርም አንዳንዴ መልስ ይሰጣሉ።

ጠጥቷል እንበል። ሥጋ ነው። ካንሰር ነው ማለት ነው? ገና ነው። መጀመሪያ ስብ እንፈልጋለን።

አንጂዮማዮሊፖማ የሚባል ዕጢ አለ። ስሙ ያስፈራል። የተሠራው ከደም ሥር፣ ከጡንቻና ከስብ ነው፤ ካንሰር አይደለም። ምልክቱ በዓይን የሚታይ ስብ ነው። በስሱ በተቆረጠ ምስል ላይ፣ ያለ ቀለም በተነሳው ላይ፣ ከዜሮ በታች ከ10 ይበልጥ የወረደ ቁጥር ካገኘን ነገሩ በአብዛኛው አልቋል። ቀዶም ባዮፕሲም (በመርፌ ናሙና መውሰድም) አያስፈልግም። «በስሱ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ምስሉ በ5 ሚሊሜትር ውፍረት ከተቆረጠ ጥቂቱ ስብ ከጎረቤቱ ሥጋ ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። ይህ ዕጢ የራሱ ጣጣ አለው፤ ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ሲሆን የመድማት አደጋው ይጨምራል፣ ስለዚህ እንከታተለዋለን። ቲዩበረስ ስክለሮሲስ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ በሁለቱም ኩላሊቶች ላይ በብዛት ሊገኝ ይችላል። በነገራችን ላይ፣ ስብ ካለበት ዕጢ ጋር የካልሲየም ክምችት አብሮ ከታየ እንጠራጠራለን። አልፎ አልፎ ካንሰርም ስብ ይይዛል፤ ያኔ ካልሲየሙ ነው የሚያጋልጠው።

ስብ የለውም፣ ይጠጣል፣ ወጥ ሥጋ ነው። አሁን ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ግን መቶ በመቶ አይደለም። 4 ሴንቲሜትር እና ከዚያ በታች ከሆኑት እንዲህ ካሉ ዕጢዎች ከ5ቱ 1 ያህሉ በቀዶ ወጥቶ ሲመረመር ካንሰር ያልሆነ ይወጣል። መጠኑ እያነሰ ሲሄድ ይህ ድርሻ ያድጋል። መጠን ዋጋ አለው ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ ካንሰር ካልሆኑት ውስጥ ኦንኮሳይቶማ የሚባለው አለ። መጻሕፍቱ መሐሉ ላይ የኮከብ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ይታያል ይላሉ። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ይታያል። ችግሩ ካንሰሩም አንዳንዴ ያንኑ ያሳያል። በሲቲ ብቻ ኦንኮሳይቶማ ነው ብሎ በሙሉ ልብ የሚፈርም ራዲዮሎጂስት (ምስል የሚያነብ ሐኪም) ካያችሁ ሁለተኛ አስተያየት ጠይቁ።

የካንሰሩ ዓይነቶችም አጠጣጣቸው ይለያያል። ብዙው፣ ከ10ሩ 7 ያህሉ፣ ክሊር ሴል የሚባለው ነው። ይህ ደም ይወዳል። በመጀመሪያው ዙር ቦግ ብሎ ይበራል፣ ውስጡም ዥንጉርጉር ነው። ፓፒላሪ የሚባለው ግን ድብቅ ነው። ወጥ ነው፣ ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ የሚጠጣውም ጥቂት ነው። ያ 20 የሚለው መስመር ላይ ተንጠልጥሎ ሲስት መስሎ የሚያልፈው እሱ ነው። ከ10 እስከ 20 ያለውን «አናውቅም» ብለን በኤምአርአይ የምናጠራው በዋናነት እሱን ፈርተን ነው።

ከውሃና ከሥጋ መካከል የሚውሉም አሉ። ፈሳሽ የያዙ፣ ግን ግድግዳቸው የወፈረ ወይም ውስጣቸው በክፍልፍል የተከፋፈለ። ለእነዚህ ሞርተን ቦስኒያክ የሚባል አሜሪካዊ ራዲዮሎጂስት በ1986 ደረጃ አወጣላቸው። ደረጃው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ በ2019 ተሻሽሏል። ቦስኒያክ 1 ተራው ሲስት ነው። 2 ስስ ክፍልፍሎች ወይም ትንሽ ካልሲየም ያለበት ነው፤ እሱንም እንተወዋለን። 3 ግድግዳው ወይም ክፍልፍሉ 4 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የወፈረ ወይም ወጣ ገባ የሆነ፣ ቀለምም የሚጠጣ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ካንሰር ይሆናል። 4 ውስጡ የሚጠጣ ጉብታ ያለበት ነው፤ ከ10ሩ 9 ያህሉ ካንሰር ነው።

በ2 እና በ3 መካከል 2ኤፍ አለ። ኤፏ ክትትልን ታመለክታለች። ክፍልፍሎቹ በዝተዋል ወይም በትንሹ ወፍረዋል፤ አያስፈሩም፣ ግን አይታለፉም። በ6 ወር፣ በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ እስከ 5 ዓመት እናያቸዋለን። የምናየው ማደጉን ብቻ አይደለም። ፈሳሹ ቢጨምርና ሲስቱ ቢተልቅ ያን ያህል አያሳስብም። ግድግዳው ከወፈረ፣ ጉብታ ካወጣ ነው ደረጃው የሚለወጠው። 2ኤፍ ተብለው የሚጨነቁ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። ከእነሱ ብዙዎቹ 5 ዓመቱን ያለ ምንም ለውጥ ይጨርሳሉ።

እብጠት መስለው የሚያታልሉንም አሉ። ከሁለት የኩላሊት ክፍሎች መካከል ገባ ያለ ጤነኛ ሥጋ በአልትራሳውንድ ላይ ፍጹም ዕጢ ይመስላል። በሲቲ ግን ልክ እንደ ጎረቤቱ ይጠጣል፤ በየዙሩ ከኩላሊቱ ጋር አብሮ ይበራል፣ አብሮ ይደበዝዛል። ስፕሊን (ጣፊያ) የተጫነው የግራ ኩላሊትም ጎኑ ላይ ጉብ ሊል ይችላል። ኢንፌክሽን ደግሞ ለብቻው ያሳስታል። ትኩሳት፣ የጎን ሕመም፣ የተበከለ ሽንት ያለበት ሰው ኩላሊቱ ላይ ጠቆር ያለ ነገር ቢታይ፣ መጀመሪያ ያክሙትና ከሳምንታት በኋላ ደግመው ያንሱት። ስንቱ ይጠፋል።

ቅርጹም ይናገራል። አብዛኛው የኩላሊት ካንሰር እንደ ኳስ ነው፤ ከኩላሊቱ ገፍቶ ይወጣል፣ ጠርዙ ይታያል። ኩላሊቱ የቦሎቄ ቅርጹን ሳይለቅ ውስጥ ውስጡን የሚሰርገው ግን ሌላ ነገር ያስጠረጥራል፦ ከሽንት መሰብሰቢያው የተነሳ ካንሰር፣ ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር)፣ ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ካንሰር፣ ወይም ኢንፌክሽን። የእነዚህ ሕክምና የተለየ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ኩላሊት ለማውጣት ከመቸኮል በፊት ባዮፕሲ ወይም የሽንት ቱቦ ምርመራ ይቀድማል።

ቀዶ ሐኪሙ ከዚያው ምስል የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ፈጠን ልበል። 4 ሴንቲሜትርና 7 ሴንቲሜትር የካንሰሩን ደረጃ የሚለዩ ድንበሮች ናቸው። ዕጢው በኩላሊቱ የደም መልስ ሥር ውስጥ ገብቷል? ከገባስ ወደ ልብ የሚሄደው ትልቁ ደም መልስ ደርሷል? ይህ የኩላሊት ካንሰር ልዩ ጠባዩ ነው፤ በደም ሥር ውስጥ እየተሳበ ይወጣል፣ አንዳንዴ እስከ ልብ። እስከ የት እንደደረሰ ካልታወቀ ቀዶው አደገኛ ነው። አጠገብ ያለው አድሬናል (ሆርሞን የሚያመነጭ የተፈጥሮ አካል)፣ ንፍፊቶቹ፣ ሳንባውም ይታያሉ። ሌላው ኩላሊትስ ጤነኛ ነው? ኩላሊቱን በሙሉ ከማውጣት ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ማውጣት ከተቻለ ይመረጣል፤ ይህን የሚወስነው ዕጢው የት እንደተቀመጠና ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ነው። ይህም በሲቲ ይለካል።

ስለ ጨረሩና ስለ ቀለሙም ትጠይቁኛላችሁ። አንድ ዙር የሆድ ሲቲ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊሲቨርት አካባቢ ነው፤ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት በአማካይ የሚያገኘው 2.4 አካባቢ ነው። ሦስት ዙር ሲሆን ይደመራል። ስለዚህ የማያስፈልግ ዙር አንጨምርም። በወጣቶችና በየዓመቱ በሚታዩ ሰዎች ላይ በተቻለ መጠን ኤምአርአይ ወይም አልትራሳውንድ እንቀላቅላለን። ቀለሙ ኩላሊት ይጎዳል የሚለው ፍርሃት ድሮ ከነበረው በጣም ቀንሷል። ኩላሊታቸው ደህና ለሆኑ ሰዎች ስጋቱ እጅግ አነስተኛ ነው። የማጣራት አቅሙ ከ30 በታች የወረደ ሰው ላይ ግን እንጠነቀቃለን፤ ለዚህ ነው ቀድሞ ክሪያቲኒን፣ ማለትም የኩላሊትን የማጣራት አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ የሚታየው። ቀድሞ በቀለም ምክንያት አለርጂ ያጋጠመው ሰው ከመወጋቱ በፊት ይናገር። ሜትፎርሚን የሚወስዱ የስኳር ታካሚዎችም ይንገሩን።

ወደ ጥያቄዎቹ ልለፍ።

አንዲት እናት «ባዮፕሲ ሲወሰድ ካንሰሩ ይበተናል ይባላል፣ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁ። በመርፌው መንገድ መዝራት ተመዝግቧል፤ ግን እጅግ ብርቅ ነው። በዚያ ፍርሃት ብቻ ባዮፕሲ አይከለከልም። እውነተኛው ድክመቱ ሌላ ነው። ከ10ሩ በ1 ወይም ከዚያ በትንሹ በሚበልጡት ላይ ናሙናው በቂ ሳይሆን ይቀርና መልስ አይሰጥም። «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። የባዮፕሲው ውጤት ሕክምናውን የሚለውጥ ከሆነ ይወሰዳል። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ቀዶ የሚደረግ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይወሰድም።

አንድ ወጣት «አባቴ 81 ዓመታቸው ነው፣ 2 ሴንቲሜትር ዕጢ ተገኝቶባቸዋል፣ ቀዶ ሳይደረግ እንጠብቅ ብለውናል፣ ሊሞቱ ነው የተዋቸው?» አለ። አይደለም፤ መከታተል ራሱ ሕክምና ነው። ትንንሽ የኩላሊት ዕጢዎች በአማካይ በዓመት 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያድጉት። የተወሰኑት ጭራሽ አያድጉም። በክትትል ላይ እያሉ የሚሰራጩት ከ100 አንድ ወይም ሁለት ናቸው። ልባቸው ወይም ሳንባቸው የደከመ አረጋዊ ከሆኑ፣ ከዕጢው ይልቅ ቀዶው ሊጎዳቸው ይችላል። በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ይታያሉ። ቶሎ ማደግ ከጀመረ እንደገና ይመከራል። ቅዝቃዜ ወይም ሙቀት በመርፌ ሰዶ ዕጢውን ማጥፋትም እንደ አማራጭ አለ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ያነሱት ጥያቄ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው። ሪፖርታቸው «ለመለየት በጣም ትንሽ ነው» ይላል። መጠኑ 7 ሚሊሜትር ነው። ራዲዮሎጂስቱ ሥራውን ሸሽቶ ነው ወይ አሉ። አልሸሸም። ከ1 ሴንቲሜትር በታች የሆነ ነገር ላይ የምንለካው ቁጥር አይታመንም። ወጥ ሆኖ ጠርዙ የጠራ ከሆነ ሲስት ነው ብሎ መተው ተቀባይነት ያለው ነው። ዥንጉርጉር ከሆነ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይደገማል። እኔ እሳቸውን የጠየቅኳቸው ሌላ ነገር ነው፤ ከዚህ በፊት ለማንኛውም ሕመም የሆድ ምስል ተነስተው ያውቃሉ? አዎ አሉ፣ ከዓመታት በፊት ለጠጠር። ያንን ሲዲ ፈልገው ያምጡ። ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፤ ያኔ ሪፖርቱን የጻፈው ሰው 7 ሚሊሜትሩን ሳይጠቅሰው አልፎት ሊሆን ይችላል፤ ምስሉ ላይ ግን አለ። በ5 ዓመት ውስጥ መልኩን ካልለወጠና እድገቱ በዓመት ከ3 ሚሊሜትር ካልበለጠ፣ ያለ ቀለም፣ ያለ ጨረር፣ ያለ አዲስ ወጪ ጉዳዩ ይዘጋል። ሲዲው ከጠፋም የተነሱበት ቦታ ኮምፒውተር ላይ ሊኖር ስለሚችል፣ የተነሱበትን ዓመተ ምህረትና ያኔ የተመዘገቡበትን ስም ይዘው ይጠይቁ።